የተሰበረ ሲኒ ታሪክ፦ ከጃፓን ጠጋኞች እስከ ጅቡቲ ወደብ

ተማሪዎቻችንን «ሲኒ የሚለው ቃል ከየት መጣ?» ብለን ብንጠይቃቸው አብዛኞቹ «አማርኛ ነው» ብለው ይመልሱልናል። መልሳቸው ስሕተት አይደለም፤ ቃሉ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የራሳችን ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ በምንጩ የዐረብኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ፍንጃልም እንዲሁ ከዐረብኛው «ፊንጃን» የመጣ ነው። ቡናው በአገራችን ተራራ የበቀለ፣ ጀበናው በአገራችን አፈር የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ቡናውን የምናቀርብበት ዕቃ ግን የባሕር ማዶውን መንገድ በስሙ ይዞ ይገኛል።

ያ መንገድ ወደ እኛ የደረሰው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በኋላም በተለይ በጅቡቲ ከተማ በኩል ነው። በዚህ ጽሑፍ ሲኒውን ተከትለን ከቻይና ወደ ጃፓን፣ ከጃፓን ወደ ሞካ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወደብ እንሄዳለን። የምንከተለው ግን ዕቃው ደኅና ሳለ ያለውን ታሪክ ብቻ አይደለም። ዕቃ ሲሰበር የትኛው ይጠገናል? የትኛውስ ይጣላል? የጠጋኙና የሠሪው እጅ ምን ያህል ይከበራል? እነዚህ ጥያቄዎች የአንድን ኅብረተሰብ ጠባይ ከብዙ የነገሥታት ስም ዝርዝር ይልቅ አጉልተው ያሳያሉ ብለን እናምናለን።

በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

የካርታው ጨዋታ

ለጥያቄዎቻችን መነሻ የሆነን አንድ ቀላል ነገር፣ ይኸውም የካርታ ጨዋታ ነው። በቅርብ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች ለቤተሰብና ለወዳጅ የሚሆኑ አጫጭር የካርታ ጨዋታዎች በብዛት ይታተማሉ። ከእነዚህም መካከል የተሰበረ ሸክላን በወርቅ የሚጠግነውን የጃፓን ጥበብ ርእሰ ጉዳይ ያደረጉ ይገኛሉ። የአጨዋወቱን ስልት «መርጦ ማሳለፍ» ልንለው እንችላለን። ለእያንዳንዱ ተጫዋች እኩል ካርታ ይታደላል፤ ተጫዋቹ ከእጁ አንዱን ብቻ መርጦ ለራሱ ያስቀምጣል፤ የቀረውን በሙሉ አጠገቡ ለተቀመጠው ያሳልፋል። በሌላ ወገን ካለው ጎረቤቱ የደረሰውንም ተቀብሎ እንደገና አንዱን ይመርጣል። ካርታው ተመርጦ እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ እየዞረ ይሄዳል። ፈረንሳዊው አንቷን ባውዛ በ2010 ያወጣው «ሰባቱ ድንቆች» የተባለ ጨዋታ ይህን ስልት በዓለም ላይ በሰፊው ካሳወቁት አንዱ ነው።

ካርታ ራሱ መንገደኛ ነው። ፖርቱጋሎች በ1543 ጃፓን ከደረሱ በኋላ የመጫወቻ ወረቀታቸውን ለጃፓኖች አስተዋወቁ፤ ጃፓኖችም ቃሉን ከነጨዋታው ተቀብለው «ካሩታ» አሉት። የእኛም «ካርታ» ከዚያው ከላቲን ልጆች ቋንቋዎች የመጣ ቃል ነው። የታሪክ መምህራን እዚህ ላይ ሌላም ተመሳሳይነት ማሳየት ይችላሉ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 በምጽዋ በኩል ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር ገብተዋል፤ በ1541 ደግሞ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች አስከትሎ መጥቷል። ከአንድ መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1630ዎቹ፣ ሁለቱም አገሮች በራቸውን ዘጉ። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን አስወጡ፤ የጃፓን ገዢዎችም በ1639 የፖርቱጋል መርከቦች እንዳይመጡ ከለከሉ። ጃፓን የሄደው ካርታ ግን ከሰዎቹ ጋር አልተባረረም፤ እዚያው ቀርቶ ጃፓናዊ ሆነ።

ሁለት መንገድ የሄደ አንድ ሸክላ

አሁን ወደ ሸክላው እንመለስ። በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ሎንግቹዋን በሚባለው አካባቢ የነበሩ ምድጃዎች በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት፣ ከዚያም በኋላ፣ ሴላዶን የሚባል ሸክላ እያመረቱ ለዓለም ያዳርሱ ነበር። ሴላዶን መልኩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ገጹ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ዕቃ ነው። ከዚህ ሸክላ ከፊሉ በመርከብ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጃፓን ሄደ። ከፊሉ ደግሞ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ ጠረፍ መጣ።

ወደ እኛ የመጣው የት ገባ? ከጅቡቲ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ብዙም ሳይርቅ የዘይላዕ ወደብ ይገኛል። በ14ኛው መቶ ዓመት ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባጡጣ ዘይላዕን ጎብኝቶ ገበያዋ ትልቅ መሆኑን፣ በዓሣና በግመል እርድ ጠረን የተነሣ ግን ከተማው ውስጥ ማደር እንዳልወደደ ጽፏል። እንግሊዛዊው ኤ. ቲ. ከርል በ1930ዎቹ በሶማሌላንድ የፈረሱ ከተሞችን መርምሮ በ1937 ባሳተመው ጥናት የቻይና ሴላዶን ስባሪዎች መገኘታቸውን አስታውቋል። ወደ መሀል አገር ስንዘልቅ ደግሞ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ሐርላ የተባለው የጥንት ከተማ አለ። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል ከ2015 ጀምሮ በመራው ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ፍርስራሽ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ዛጎልና ከየመን እንዲሁም ከቻይና የመጣ ሸክላ ተገኝቷል። እንግዲህ ከጅቡቲ ጠረፍ ወደ ሐረር ደጋ የሚወጣው የንግድ መንገድ በባቡር ሐዲድ የተጀመረ አይደለም፤ ሐዲዱ የተዘረጋው የግመል ኮቴ ለብዙ መቶ ዓመታት ባመላከተው አቅጣጫ ነው።

ወደ ጃፓን የሄደውስ ምን ሆነ? በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም አንድ የሎንግቹዋን ጽዋ ይገኛል። ቅርጹ እንደ አበባ ነው፤ ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁም በትናንሽ የብረት ማያያዣዎች ተሰፍቷል። ጃፓኖች ብረቶቹን በአንበጣ መስለው ጽዋውን «ባኮሃን» ይሉታል። ስለዚህ ጽዋ የሚነገረው ታሪክ የሚከተለው ነው። ጽዋው በ12ኛው መቶ ዓመት ታይራ ኖ ሺገሞሪ ለተባለው መስፍን ከቻይና ገዳም በስጦታ ተላከ። በ15ኛው መቶ ዓመት በአሺካጋ ዮሺማሳ እጅ ሳለ ተሰነጠቀ። ዮሺማሳም «እንዲህ ያለ ሌላ ላኩልኝ» ብሎ ወደ ቻይና መለሰው። ቻይናውያን ግን እሱን የሚመስል በማጣታቸው በብረት ሰፍተው መልሰው ላኩለት።

ታሪኩ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ይህን ታሪክ በጽሑፍ ያሰፈረው ኢቶ ቶጋይ የተባለ ሊቅ ሲሆን የጻፈውም በ1727 ነው። ዮሺማሳ የሞተው በ1490 ነው፤ በመካከሉ 237 ዓመት አለ። በሌላ በኩል ባለሙያዎች የጽዋውን አሠራር አይተው የ13ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው ይላሉ፤ ሺገሞሪ ግን በ1179 ሞቷል። ስለዚህ የታሪኩ ጫፍ ከዕቃው ዕድሜ ጋር አይገጥምም። በእጅ የሚዳሰሰው ምስክር ብረቱ ነው፤ አንድ ሰው ይህን ጽዋ ከመጣል መስፋቱን ይመርጥ ነበር ማለት ነው። ሥራውም ቀላል አልነበረም። የተተኮሰ ሸክላ የሚበሳው በአልማዝ ጫፍ መሰርሰሪያ በመሆኑ ቻይናውያን «የአልማዝ መሰርሰሪያ የሌለው የሸክላ ሥራ አይቀበል» የሚል ተረት አላቸው።

የሚታይ ስፌትና የተደበቀ ስፌት

ጃፓኖች ከብረት ሌላ የራሳቸውን ዘዴ አዳበሩ። «ኪንፁጊ» ይባላል፤ «ኪን» ወርቅ፣ «ፁጊ» ማጋጠም ማለት ነው። ማጣበቂያው ኡሩሺ የሚባለው ከዛፍ ልጥ የሚቀዳ ፈሳሽ ሲሆን ከስንዴ ዱቄት ጋር ተለውሶ በስባሪው ጠርዝ ይቀባል። የዚህ ፈሳሽ አስገራሚ ጠባይ እንደሌላው ቀለም ፀሐይ ላይ አለመድረቁ ነው፤ የሚጠነክረው እርጥበትና ሙቀት ባለበት ቦታ ሲቀመጥ ነው። ስለሆነም አንድ ዕቃ ለመጠገን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በመጨረሻም መጋጠሚያው ላይ እንደገና ኡሩሺ ተቀብቶ ሳይደርቅ የወርቅ ብናኝ ይነሰነስበታል። ስንጥቁ አይደበቅም፤ እንዲያውም ከዕቃው ሁሉ ይልቅ የሚያበራው እሱ ይሆናል።

ይህ ጥበብ የተስፋፋው በሻይ ሥርዓት ዙሪያ ነው። የሻይ ሥርዓቱ ታላቅ መምህር ሴን ኖ ሪኪዩ (1522–1591) ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ያልተኳለውን፣ ሸካራና ቀላል የሆነውን ዕቃ ያስቀድም ነበር። ሆንአሚ ኮኤቱሱ (1558–1637) የሠራው «ሴፖ» የተባለ የሻይ ጽዋ በምድጃ ውስጥ ሲተኮስ ተሰነጠቀ። ኮኤቱሱ አልጣለውም፤ በወርቅ ሞላው። ዛሬ ቶኪዮ ውስጥ ከሚገኙት ከተከበሩ ጽዋዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን ጃፓን ውስጥ ስፌት ሁሉ ይታይ ነበር ማለት አይደለም። በ1615 የኦሳካ ግንብ በጦርነት ሲቃጠል «ፁኩሞ ናሱ» የተባለች እጅግ የተከበረች ትንሽ የሻይ ዱቄት መያዣ በፍርስራሹ ውስጥ ቀረች። ቶኩጋዋ ኢዬያሱም ፉጂሺጌ ቶገን የተባለውን ባለሙያ ከልጁ ጋር ላካቸው። እነሱም አመዱን በርብረው ስባሪውን ለቅመው በኡሩሺ አጋጠሙት። ሲያዩአት ፈጽሞ የተሰበረች አትመስልም። በዘመናችን በራጅ ስትነሣ ግን በውስጧ ያሉት ስባሪዎች በሙሉ ታዩ። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጥገና አለ፤ አንደኛው «እዚህ ጋ ተሰብሬ ነበር» ይላል፤ ሁለተኛው ዝም ይላል። የፉጂሺጌ አባትና ልጅ ስም ግን ከአራት መቶ ዓመታት በኋላም አልጠፋም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

የሞካ ሲኒ

ጃፓንን ስናመሰግን ግን ሚዛን ያስፈልጋል። የጃፓን የሸክላ ሙያ ያደገው በራሷ ልጆች እጅ ብቻ አይደለም። ቶዮቶሚ ሂደዮሺ ከ1592 እስከ 1598 ኮርያን ሁለት ጊዜ ሲወር ጦር አዛዦቹ ብዙ ኮርያውያን ሸክላ ሠሪዎችን ማርከው ወደ ጃፓን ወሰዱ። በአሪታ የተጀመረው የጃፓን ፖርሴሊን በተለምዶ ከነዚሁ ምርኮኞች አንዱ ከነበረው ከዪ ሳም ፒዮንግ ጋር ይያያዛል። ዘመኑም 1616 ገደማ ነው። ስለዚህ የተከበረው ዕቃ በስተጀርባው የተማረከ ሰው እንዳለ መርሳት አይገባም።

በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቻይና በለውጥ ጦርነት ስትታመስ የሸክላ ንግዷ ተቀዛቀዘ። የኔዘርላንድስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም ፊቱን ወደ አሪታ መለሰ። በ1650ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው ለአውሮፓ ብቻ ሳይሆን በየመን ላለው ለሞካ ገበያም የጃፓን ፖርሴሊን ማዘዝ ጀመረ። ሞካ በዚያን ጊዜ የዓለም የቡና ገበያ ነበረች፤ ከጭነቱም ውስጥ የቡና ሲኒዎች ነበሩበት። ሞካ ከባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በስተ ሰሜን ትገኛለች፤ የዛሬዋ ጅቡቲ ደግሞ ከወሽመጡ በስተ ደቡብ ናት። ቡና ከእኛ ወገን ተነሥቶ ባሕር ተሻገረ፤ ሲኒው ከጃፓን ተነሥቶ ወደዚያው ባሕር መጣ። ሁለቱ የተገናኙት በጀልባ ጥቂት ቀን በማይሞላ ርቀት ነው።

ጅቡቲ፦ አዲሱ በር

ጅቡቲ ከተማ ከዘይላዕና ከታጁራ ጋር ስትነጻጸር ልጅ ናት። ፈረንሳዮች መጀመሪያ የሰፈሩት በኦቦክ ነበር። ሌኦንስ ላጋርድ በ1888 በባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ዳርቻ፣ ለመርከብ መጠለያ በተመቸው በዛሬው ቦታ ወደብ መሠረተ፤ በ1896 የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚያ ተዛወረ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ሐዲድ የዘይላዕንና የታጁራን የቅፍለት ንግድ ወደ አንድ በር ሰበሰበው። በግመል ጀርባ በገለባ ተጠቅልሎ ሲመጣ የነበረው ተሰባሪ ዕቃ ከዚያ ወዲህ በሣጥን ታሽጎ በፉርጎ መጓዝ ጀመረ።

ጃፓንም በዚህ በር ገባች። በ1930 አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ ከውጭ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ የጃፓኑ የመሪነቱን ቦታ ያዘ። በ1931 የወጣው ሕገ መንግሥት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲረቀቅ የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት መሠረት አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መልእክተኞችን መርተው በጅቡቲ ወደብ በኩል በመርከብ ወደ ጃፓን ሄዱ። ሲመለሱም ስለ ጉዟቸው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። የዘመኑ ሊቃውንት ጃፓንን በአድናቆት ይመለከቱ ነበር፤ ከነጻነቷ ጋር ሥልጣኔን የያዘች አገር ናትና።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ጅቡቲ በሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻ አገር ሆናለች። አሮጌው ሐዲድ በአዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቶ በ2018 መደበኛ ሥራ ተጀምሯል። ጃፓን ራሷ ከ2011 ጀምሮ በጅቡቲ ከተማ አየር ማረፊያ አጠገብ የጦር ሰፈር አላት። መርከቦቹም ከእስያ የሚመጣውን ዕቃ ማራገፋቸውን አላቆሙም።

በእኛ ዘንድ

ከጃፓን ጨርቅ መጣ፤ የሕገ መንግሥት አርአያም መጣ። የሸክላ ሠሪና የጠጋኝ ክብርስ? እዚህ ላይ የራሳችንን ጓዳ መመልከት ይገባናል።

በመጀመሪያ፣ መጠገን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍትን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ሲፋቅና ሲወጠር ቀዳዳ ቢፈጠርበት ይሰፋል፤ ስፌቱም በገጹ ላይ ይታያል። ቀዳዳው ሳይሰፋ ቢቀርም ጸሐፊው ዙሪያውን ከብቦ ይጽፋል እንጂ ብራናውን አይጥልም። የተሰነጠቀ ቅል በጅማት ወይም በጠፍር ተሰፍቶ እንደገና ወተት ይይዛል። የተሰበረ ሸክላ እንኳ ሥራ አይፈታም። ገል ሆኖ ፍም ይጫርበታል፤ ዕጣን ይጨስበታል። አንዳንድ ሸክላ ሠሪዎችም ገሉን ወቅጠው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይለውሱታል፤ ይህም ዕቃው በእሳት ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ስለዚህ በአንዲት አዲስ እንስራ ውስጥ የአያቷ እንስራ ደቃቅ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ግን አያስደስትም። ጭቃውን የሚለውሱት፣ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑት እጆች፣ ለብዙ ዘመን የተናቁ ነበሩ። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው በልዩ ልዩ የስድብ ስም ይጠሩ ነበር፤ በብዙ ቦታም ርስት አልነበራቸውም፤ «ቡዳ» እየተባሉ ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለሉ ነበር። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ለዚህ የታወቁ ምሳሌ ናቸው፤ ከተማው ያለነሱ ድስትና ምጣድ አይበላም፤ ነገር ግን ከነሱ ጋር አይበላም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ በአገራችን የሥራ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ነው። ዐዋጅ መውጣቱ ራሱ ግን የበሽታውን ክብደት ይመሰክራል፤ ንቀቱም ዐዋጁ በተነገረ ማግስት አልጠፋም።

ጎን ለጎን እናስተያያቸው። ከባሕር ማዶ የመጣው ሲኒ በሣጥን ተቆልፎ ለእንግዳ ብቻ ይወጣል። አጠገቡ የሚቀመጠው ጀበና ግን ሠሪዋ በመንደሩ ዳር የምትኖር፣ ስሟ የማይጠራ ሴት ነች። ጃፓን ምርኮኛ ሸክላ ሠሪዎችን በጉልበት ከወሰደች በኋላ እንኳ ቀስ በቀስ የሠሪውን ስም በጽዋው ላይ መጻፍ፣ የጠጋኙንም ስም በታሪክ መመዝገብ ለመደች። የሸክላ ሙያዋም በየትውልዱ እየጎለበተ ሄደ። የተናቀ ሙያ ግን ወራሽ ያጣል፤ ብልህ ልጅ ከእናቱ ጭቃ ይሸሻልና። የአገር የእጅ ሥራ የሚሞተው ከውጭ በሚገባው ርካሽ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከውስጥ በሚመጣው ንቀትም ነው።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ማስተማር ይቻላል፤ በጨዋታ ቢታገዝ ግን ይበልጥ ልብ ይይዛል። ከዚህ በታች የምናቀርበው ከካርቶን ተቆርጦ የሚሠራ፣ ለአራት ተጫዋቾች የሚሆን ጨዋታ ነው።

32 ካርታ ይዘጋጃል። 24ቱ የስድስት ዕቃዎች ስባሪ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ 4 ስባሪ ማለት ነው። ዕቃዎቹም የሎንግቹዋን ጽዋ፣ የአሪታ ሲኒ፣ ፁኩሞ ናሱ፣ ጀበና፣ እንስራና የተሰፋ ቅል ይሁኑ። በእያንዳንዱ ስባሪ ጀርባ ሳይሆን ፊት ላይ ከዕቃው ታሪክ አንድ አንድ ፍሬ ነገር ይጻፍ፦ የት ተሠራ? መቼ? በየት ወደብ አለፈ? ማን ሠራው ወይም ጠገነው? የቀሩት 8 ካርታዎች «ወርቅ» ናቸው።

ካርታው ተደባልቆ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 8 ይታደላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ አንድ መርጠው ፊት ለፊታቸው ያስቀምጣሉ፤ የቀረውን በግራ ላለው ያሳልፋሉ። 8ቱ ተመርጦ ሲያልቅ ነጥብ ይቆጠራል። የአንድ ዕቃ 4 ስባሪ በሙሉ ያለው 4 ነጥብ ያገኛል። 3 ስባሪና 1 ወርቅ ያለው 5 ነጥብ ያገኛል፤ ነገር ግን ይህን የሚያገኘው የጎደለችው ስባሪ የትኛዋ እንደሆነች በግልጽ ሲናገር፣ በላይዋም የተጻፈው ምን እንደሆነ ከትምህርቱ አስታውሶ ሲመልስ ነው። 2 ስባሪና 1 ወርቅ ያለው 2 ነጥብ ያገኛል። አንድ ወርቅ ለአንድ ዕቃ ብቻ ያገለግላል፤ ያለ ስባሪ የቀረ ወርቅ ምንም ነጥብ የለውም።

የጨዋታው ትምህርት በሕጉ ውስጥ አለ። አንደኛ፣ ተማሪው ሁሉን መያዝ እንደማይችል ያያል፤ አንዱን ሲመርጥ ሌላውን ለጎረቤቱ ይተዋል። የታሪክ ጸሐፊም እንዲሁ ነው፤ እሱ የተወውን ሌላ ሰው አንሥቶ ሊሠራበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ወርቅ ያለ ስባሪ ዋጋ የለውም፤ ያማረ አነጋገር ያለ ማስረጃ ታሪክ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የጎደለውን በግልጽ የተናገረ ሰው ምንም እንዳልጎደለው ከሆነው ይልቅ ይሸለማል። የዮሺማሳን ጽዋ ስናወሳ 237 ዓመቱን ክፍተት የጠቀስነው በዚሁ ምክንያት ነው። አስተማሪ ክፍተቱን ደብቆ ወጥ ታሪክ ካቀረበ ተማሪው አንድ ቀን እንደ ራጅ ያለ ጥያቄ ይዞ ይመጣና ስባሪውን ሁሉ ያየዋል፤ የዚያን ጊዜ በመምህሩ ብቻ ሳይሆን በትምህርቱም ላይ ያለው እምነት ይሰበራል።

ከጨዋታው በኋላ መምህሩ አንድ የቤት ሥራ ቢሰጥ መልካም ነው። ተማሪው በቤቱ ካለው የሸክላ ዕቃ አንዱን መርጦ ማን እንደሠራችው፣ በየት ገበያ እንደተገዛ፣ ሲሰነጠቅስ ምን እንደሚደረግ ከቤተሰቡ ጠይቆ ይጻፍ። ጅቡቲ ከተማ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ ስለ ወደቡና ስለ ባቡሩ፣ ሽማግሌዎች ስለሚያስታውሷቸው ጭነቶች ጠይቀው ሊጽፉ ይችላሉ። በመንገዳቸው ላይ ስባሪ ሸክላ ቢያገኙ ግን ከመሬት እንዳያነሡት መንገር ያስፈልጋል፤ ያለበት ቦታ ራሱ ማስረጃ ስለሆነ ቦታውን መዝግበው ለመምህራቸው ማሳወቁ ይበቃል።

ከተማሪዎቹ አንዷ የሠሪዋን ስም ጽፋ ብትመጣ፣ ያ ስም በጥቁር ሰሌዳው ላይ ከኢዬያሱና ከምኒልክ ስም አጠገብ ይጻፍ። የምኒልክ ዐዋጅ ያልጨረሰውን ሥራ መቀጠል የሚቻለው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው።